«ተመስገን» ያለን ሰው እንዴት እንጠይቀው? የከተማ ነዋሪን ስለ ኑሮው የማጥናት አሠራር

እናትየው ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ተነስተው ውሃ ሲቀዱ ነው ያደሩት። ጄሪካኖቹ በር ላይ ተደርድረዋል። መረጃ ሰብሳቢያችን ወረቀቱን አየና «በውሃ አገልግሎቱ ምን ያህል ረክተዋል?» አላቸው። «ተመስገን ነው ልጄ፣ ከእኛ የባሰ ስንት አለ» አሉት። እሱም «ረክቻለሁ» የሚለው ላይ ምልክት አደረገ። ማታ መጠይቆቹን ሳገላብጥ ውሃ በሳምንት ሁለት ሌሊት ብቻ በሚመጣበት ሰፈር አብዛኛው ሰው «የረካ» ሆኖ አገኘሁት። ልጁ አላጠፋም። ጥያቄውን የጻፍኩት እኔ ነኝ።

ይህ መመሪያ አነስተኛ በጀት ላለው ቡድን ነው፤ ለአንድ የዩኒቨርሲቲ ክፍል፣ ለአንድ ማኅበር ወይም ነዋሪዎቹን በትክክል መስማት ለሚፈልግ ወረዳ። ምሳሌዎቹን የወሰድኩት በአብዛኛው ከአዲስ አበባ ነው፤ ለሐዋሳም ለደሴም ግን ብዙ አይለወጥም።

አንድ፦ ቁጥሩን የሚፈልገውን ሰው ፈልጉ

«የነዋሪውን የኑሮ ጥራት ማወቅ» የሚል ዓላማ ለፕሮጀክት ማመልከቻ ያገለግል ይሆናል፤ መጠይቅ ግን አይወጣውም። መጀመሪያ የውሃ ፈረቃ የሚያወጣውን፣ የቆሻሻ አንሺ ማኅበራትን የሚያስተባብረውን፣ የአውቶቡስ መስመር የሚመድበውን ክፍል ሄዳችሁ አነጋግሩ። «ምን ብነግርዎት ሥራዎን ይለውጣሉ?» በሏቸው። ማንም ምንም የማያደርግበት ጥያቄ ከመጠይቁ ይውጣ። በዚህ ወንፊት ያለፈ መጠይቅ አብዛኛውን ጊዜ በግማሽ ያጥራል። ሠላሳ ጥያቄ፣ ሠላሳ ደቂቃ። ከዚያ በላይ ከሆነ ሰውየው መልስ መስጠት ትቶ እናንተን መሸኘት ይጀምራል።

የርዕስ ዝርዝር ለመነሻ ካስፈለጋችሁ የአውሮፓ ኮሚሽን በየጥቂት ዓመቱ የሚያካሂደውን የከተሞች የኑሮ ጥራት ጥናት ተመልከቱ፦ ትራንስፖርት፣ ጤና፣ አረንጓዴ ቦታ፣ ድምፅ፣ ንጽሕና፣ ደኅንነት፣ መኖሪያ ቤት፣ የከተማ አስተዳደሩ አገልግሎት። ጥሩ ዝርዝር ነው። ውሃ በሳምንት ስንት ቀን እንደሚመጣ መጠየቅ ግን ለእኛ የተተወ ነው።

ሁለት፦ ጥያቄውን ከ«ተመስገን» በታች አውርዱት

በእኛ አገር ስለ ኑሮ ሲጠየቁ ማመስገን ሥርዓት ነው። ለእንግዳ ሰው በር ላይ ቆሞ ማማረር ነውር ነው፤ ለማይታወቅ ሰው ደግሞ ያስፈራል። ስለዚህ «ተመስገን» ሰላምታ እንጂ መልስ እንዳልሆነ አውቃችሁ ጻፉ። መድኃኒቱ ቀላል ነው፤ ከስሜቱ በፊት ድርጊቱን ጠይቁ።

«በውሃ አገልግሎት ምን ያህል ረክተዋል?» በሚለው ፋንታ እንዲህ ይሁን፦ «ካለፈው ማክሰኞ ጀምሮ እስከ ትናንት ድረስ በቧንቧ ውሃ የመጣው ስንት ቀን ነው? ሲመጣ ቀን ነው ወይስ ሌሊት? የሚቀዳው ማን ነው? ባልመጣባቸው ቀናት ውሃ ከየት አገኛችሁ? ገዝታችሁ ከሆነ አንድ ጄሪካን በስንት?» ሰውየው ይህን ቆጥሮ ከመለሰ በኋላ «ታዲያ ይህ ለእርስዎ ደህና ነው ወይስ ቅሬታ አለዎት?» ብትሉት መልሱ ሌላ ነው። ቀኖቹን አሁን ራሱ ቆጥሯቸዋላ።

«እርካታ» የሚለው ቃል የቢሮ ቃል ነው። በር ላይ ብዙ ሰው «ምን ማለትህ ነው?» ይላል፤ ያላለውም ገምቶ ይመልሳል። አምስት አማራጭ ያለውን ሚዛን በአንድ ትንፋሽ አንብቦ «የቱ ነው?» ማለትም አይሠራም፤ ሁሉም መካከለኛው ላይ ይቀመጣል። በሁለት እርምጃ ጠይቁት። መጀመሪያ «ደህና ነው ወይስ ቅሬታ አለዎት?» ቀጥሎ «በጣም ወይስ በመጠኑ?» አራት አማራጭ ተገኘ፣ መጠጊያ የሚሆን መካከለኛም የለም። አላውቅም ላለ «አላውቅም» የሚል ቦታ ይኑረው፤ መረጃ ሰብሳቢው ግን አያንብበው።

አጠቃላይ ኑሮን ለመጠየቅ የአሜሪካዊው የሥነ ልቦና ተመራማሪ የሐድሊ ካንትሪል መሰላል እስካሁን የተሻለ ነው፤ ከ0 እስከ 10 የተቆጠረ መሰላል። ከላይ ለእርስዎ የሚቻለው ምርጥ ኑሮ፣ ከታች የከፋው፤ «ዛሬ የትኛው ላይ ነዎት?» ይባላል። በወረቀት አስሉትና ሰውየው በጣቱ ያሳይ። «ተመስገን» ያሉ ሰዎች ጣታቸውን ሦስት ላይ ሲያሳርፉ አይቻለሁ።

ሌሎች ወጥመዶችን በአጭሩ ልጥቀስ። «የውሃና የመብራት አገልግሎት እንዴት ነው?» ሁለት ጥያቄ ነው፤ ለዩት። «አዲሱ የእግረኛ መንገድ ለሰፈሩ ምን ያህል ጠቅሟል?» የሚለው መልሱን ይዞ ነው የመጣው። «ባለፈው ወር» ለደመወዝተኛው እስከ ደመወዝ ቀን ነው፤ በሞባይሉ ለሚቆጥር ደግሞ የፈረንጅ ወር ነው። ረዘም ላለ ጊዜ «ከጥምቀት ወዲህ»፣ «ከፋሲካ በፊት ነው በኋላ?»፣ «ከረመዳን ወዲህ» እያላችሁ ብትጠይቁ ሰው በትክክል ያስታውሳል። ሰዓትም እንዲሁ፤ ቅጹ ላይ «2፡00» ተብሎ የተጻፈው ከጠዋቱ ይሁን ከምሽቱ፣ በእኛ ይሁን በስልኩ ሰዓት ካልተለየ የትራንስፖርት ጥያቄያችሁ በሙሉ ከጥቅም ውጭ ይሆናል።

ቋንቋው ከአንድ በላይ በሆነበት ከተማ (ድሬዳዋ ላይ አማርኛ፣ አፋን ኦሮሞና ሶማልኛ ሳይዙ መውጣት ከንቱ ነው) ትርጉሙን በር ላይ ለመረጃ ሰብሳቢው አትተዉለት። አስቀድማችሁ አስተርጉሙ፤ ከዚያ ዋናውን ያላየ ሌላ ሰው መልሶ ወደ አማርኛ ይተርጉመው። ልዩነቱ ሲወጣ ብዙ ጊዜ ስህተቱ ዋናው አማርኛ ላይ ይገኛል።

በመጨረሻም ጥናቱ ከማይደርስበት ሰፈር ሃያ ሠላሳ ሰው ላይ ሞክሩት። መጠይቁን የጻፈው ሰው ራሱ ቢያንስ አምስቱን ይጠይቅ። ኀፍረቱ ያስተምራል።

ሦስት፦ ስንት ሰው?

የሠርግ ድስትም ይሁን የአንድ ቤተሰብ፣ ወጡ በደንብ ከተማሰለ ጨው ለመቅመስ አንድ ጭልፋ ይበቃል። የከተማው ትልቅነት የናሙናውን መጠን ብዙም አይወስነውም። የአውሮፓው ጥናት በ2019 እ.ኤ.አ. በ83 ከተሞች ሲካሄድ ለፓሪስም ለሬይኪያቪክም የተጠየቀው 700 ሰው ነው።

ሒሳቡ እንዲህ ነው። በ95 በመቶ እርግጠኝነት፣ 5 በመቶ ወደላይ ወይም ወደታች በሚል ስህተት ለመናገር 384 ሰው ያስፈልጋል። ይህ ግን ሰዎቹ ከመላው ከተማ አንድ በአንድ በዕጣ የወጡ እንደሆነ ነው። እናንተ ብሎክ (ወረዳው የሚከፈልበት ትንሽ የሰፈር ክፍል) መርጣችሁ ጎረቤታሞችን ስለምትጠይቁ፣ ጎረቤታሞች ደግሞ ከአንድ የውሃ መስመር ስለሚጠጡና በአንድ የታክሲ ሰልፍ ስለሚቆሙ፣ ሃያ መልስ እንደ ሃያ የተለያየ ድምፅ አይቆጠርም። ለዚህ በ1.5 አባዙት፤ 576 ይሆናል። ከአስሩ አንዱ ቤት እንደሚዘጋባችሁ ወይም እንቢ እንደሚላችሁ ያዙ፤ 576 ለ0.9 ሲካፈል 640። ይህም 32 ብሎክ፣ ከእያንዳንዱ 20 ቤተሰብ ነው።

ልብ በሉ፣ 640 ለአንድ ከተማ ወይም ለአንድ ክፍለ ከተማ ነው። አዲስ አበባ 11 ክፍለ ከተማ አላት፤ አለቃ «በየክፍለ ከተማው ለይታችሁ አምጡልኝ» ካለ 640ው በ11 ይባዛል። በጀቱ ያን ካልቻለ ይህን መናገሪያው ቀን ሪፖርቱ የሚቀርብበት ቀን አይደለም፣ ዛሬ ነው።

በቴሌግራም ተለጥፎ አምስት ሺህ ሰው የሞላው መጠይቅስ? አምስት ሺህ ዳታ ያለው፣ ጊዜ ያለውና የተናደደ ሰው ነው። ድስቱ አልተማሰለም። ስልክ መደወል ይሻላል፤ ግን የማንን ቁጥር? የዓለም ባንክ በኮቪድ ጊዜ በ2012 ዓ.ም. በኢትዮጵያ የስልክ ጥናት ሲጀምር የደወለው ቀደም ሲል ቤት ለቤት በተካሄደ ጥናት ወደ ተመዘገቡ ቁጥሮች ነው። መጀመሪያ በሩን ማንኳኳት ሳያስፈልግ አልቀረም።

አራት፦ በሩ፣ ግቢው፣ የጓሮ ቤቱ

ጥናት የሚበላሸው እዚህ ነው፤ ስለዚህ እዚህ ልቆይ።

የመጨረሻው አገር አቀፍ የሕዝብና ቤት ቆጠራ የተካሄደው በ1999 ዓ.ም. ነው። ያኔ እርሻ የነበረ ቦታ ዛሬ ኮንዶሚኒየም ነው፤ ያኔ ሰፈር የነበረ ደግሞ መንገድ ሆኗል። ስለዚህ ከወረዳው የቀጠናና የብሎክ ዝርዝር ተቀብላችሁ ከጎግል ኧርዝ ምስል ጋር አስተያዩት። በእያንዳንዱ ብሎክ ስንት ቤተሰብ እንዳለ ግምት ያዙ፤ ሻካራ ግምትም ይበቃል።

ከዚያ ብሎኮቹን በተርታ ጽፋችሁ የቤተሰቡን ቁጥር እየደመራችሁ ውረዱ። ድምሩ 9,600 ቢሆን ለ32 ሲካፈል 300 ነው። ከ1 እስከ 300 አንድ ዕጣ አውጡ፤ 117 ወጣ እንበል። 117ኛው ቤተሰብ ያለበት ብሎክ የመጀመሪያው ነው፤ ቀጥሎ 417፣ 717፣ 1,017… እያላችሁ 32 ብሎክ እስኪሞላ ሂዱ። ትልቅ ብሎክ የመውጣት ዕድሉ ይሰፋል፤ ትክክሉም ያ ነው። ወረዳው «ወደዚህ ብሎክ እንኳ አትሂዱ፣ እዚያኛው ይሻላል» ሊላችሁ ይችላል። በአክብሮት ዕጣው እንደወጣ በሉ።

በተመረጠው ብሎክ ከመጠየቃችሁ አንድ ቀን በፊት ቤተሰቦቹን መዝግቡ። ቤተሰብ ማለት ቤት አይደለም፣ ግቢም አይደለም፤ ከአንድ ድስት የሚበላ ሁሉ አንድ ቤተሰብ ነው። ብቻውን ተከራይቶ ለራሱ የሚያበስል ወጣት አንድ ቤተሰብ ነው። ሦስት ደባሎች አብረው ካበሰሉ አንድ፣ ለየብቻ ከሆነ ሦስት።

እናም አከራዩ በሩን ይከፍታል። «ተከራይ አለዎት?» ስትሉት «የለኝም፣ ዘመዶቼ ናቸው» ይላል። ለምን አይል? የኪራይ ግብር አለ፣ የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ 1320/2016 ወጥቷል፣ ውልህን አስመዝግብ ይባላል፤ እናንተ ደግሞ ወረቀት ይዛችኋል። «ተከራይ» የሚለውን ቃል አታንሱ። «በዚህ ግቢ ስንት ቦታ ይበሰላል?» በሉ። ይህች አንዲት ጥያቄ ከማንኛውም ሥልጠና የበለጠ ቤተሰብ አስገኝታልኛለች። ስም አይመዘገብም፤ «ሰማያዊ በር፣ ከሻወሩ ጎን» ብሎ መጻፍ ይበቃል።

ምዝገባው 168 ቤተሰብ ከሰጠ ለ20 ሲካፈል ስምንት ግድም ነው። ከ1 እስከ 8 ዕጣ፤ 5 ከወጣ 5ኛው፣ 13ኛው፣ 21ኛው እያላችሁ እስከ 157ኛው። ኮንዶሚኒየም ላይ የምዝገባው ቅደም ተከተል ከላይኛው ፎቅ ወደታች ይሁን፤ አለበለዚያ መረጃ ሰብሳቢው አራተኛ ፎቅ ላይ «ቤቱ ዝግ ነው» ሲል ታገኙታላችሁ። ዝግ ቤት ሦስት ጊዜ ይሄዳል፤ አንዱ ከአሥራ አንድ ሰዓት በኋላ፣ አንዱ ቅዳሜ ወይም እሑድ። ወደ ጎረቤት መሻገር ክልክል ነው። ቀን ቀን ዝግ የሆነው ቤት የሠራተኛው ቤት ነው፤ የታክሲን ሰልፍ በደንብ የሚያውቀውም እሱ ነው።

አንድ ነገር ግን በምንም ዘዴ አይገኝም። በልማት ተነሥቶ ሌላ ቦታ የሄደ ነዋሪ በቀድሞ ሰፈሩ ናሙና ውስጥ የለም። «የአካባቢው ነዋሪ ስለ ለውጡ ምን ይላል?» የሚል ጥናት የቀረውን ብቻ ነው የሚሰማው። ጥያቄያችሁ እሱ ከሆነ የተዛወሩበትን ቦታ ለብቻ ናሙና ውስጥ አስገቡ፤ ካልቻላችሁ ሪፖርቱ የመጀመሪያ ገጽ ላይ ጻፉት።

አምስት፦ ከቤቱ ማን ይመለስ?

በር የከፈተው አይደለም። ቀን በር የሚከፍተው የቤት እመቤቷ፣ ሠራተኛዋ ወይም አያት ናቸው። «አባወራውን ጥሩልኝ» ማለትም አይደለም፤ ውሃ የሚቀዳው እሱ አይደለም። ዕድሜያቸው 18 የሞላውን ሁሉ፣ እዚያው የምታድረውን የቤት ሠራተኛም ጨምራችሁ፣ ከትልቅ ወደ ትንሽ ጻፉና ዕጣ አውጡ። የስታቲስቲክስ ባለሙያው ሌስሊ ኪሽ በ1949 እ.ኤ.አ. ያወጣው ሰንጠረዥ ለዚህ የተሠራ ነው፤ መጠይቁን በስልክ መተግበሪያ የምትሞሉ ከሆነ መተግበሪያው ራሱ ያወጣላችኋል። «ልደቱ በቅርቡ የሚውለውን» የሚለው የፈረንጆች አቋራጭ እኛ ጋ አይሠራም። ብዙ አዛውንት የተወለዱበትን ዓመት በዘመቻ፣ ቀኑን በታቦት ነው የሚያውቁት፤ ያም ከታወቀ።

የቤት ሠራተኛዋ ዕጣ ሲደርሳት እመቤቷ «እሷ ምን ታውቃለች?» ማለታቸው አይቀርም። መረጃ ሰብሳቢው የሚለውን አስቀድማችሁ አስጠኑት፦ «ዕጣው ነው እትዬ፣ እኔ አልመረጥኩም።» ዕጣ የሚያከብር ሕዝብ ነው፤ እቁብ ይጥላል።

ስድስት፦ ሰዎቹና ደብዳቤው

መረጃ ሰብሳቢ የወረዳ ሠራተኛ አይሁን። ቁም ነገረኛ ሠራተኛ ቢሆን እንኳ፣ ቆሻሻ በወቅቱ ይነሳል ወይ ብሎ የሚጠይቀው የሚያስነሳው ሰው ከሆነ መልሱ ይታወቃል። ቢያንስ ግማሾቹ ሴቶች ይሁኑ፤ ማታ መንገድ ላይ ስለመሄድ ስጋት ሴት ለሴት ነው የምታወራው። ሦስት ቀን አሠልጥኑ፤ ሁለተኛው ቀን ሙሉ እርስ በርስ መጠያየቅ ይሁን።

የድጋፍ ደብዳቤ ያስፈልጋል፤ ያለሱ ጥበቃውም የብሎክ ተጠሪውም አያሳልፍም። ነገር ግን ማኅተም ያለበት ወረቀት በር ላይ ቀድሞ ከወጣ ነዋሪው ለመንግሥት የሚመልሰውን ነው የሚመልስላችሁ። ደብዳቤው ቦርሳ ውስጥ ይቀመጥ፣ ሲጠየቅ ይውጣ። አንገት ላይ ባጅ ይበቃል። መግቢያው ይህን ይምሰል፦

«ጤና ይስጥልኝ እናት፣ እንዴት ዋሉ? ስሜ እገሌ ይባላል፣ የመጣሁት ከዚህ ድርጅት ነው። የወረዳ ሠራተኛ አይደለሁም፤ ግብርም፣ የቤት ጉዳይም አይመለከተኝም። ስለ ውሃ፣ ስለ መብራት፣ ስለ ትራንስፖርት የሰፈሩን ሰው እየጠየቅን ነው። ስምዎን አልጽፍም። ግማሽ ሰዓት ይወስዳል። የሚሰጥ ገንዘብም እርዳታም የለም። ያልፈለጉትን ጥያቄ ይለፉት፣ መሐል ላይ ይበቃኛል ማለትም ይችላሉ። ልጠይቅዎት?»

«እርዳታ የለም» የምትለዋን ዓረፍተ ነገር ማንም እንዳይዘልላት። ካልተባለች ኑሮው ሁሉ በሦስት እጥፍ ይከፋል።

ቡና ከተፈላ ደግሞ ሌላ ፈተና ነው። ጎረቤት ተሰብስቧል፣ መረጃ ሰብሳቢው «ና አረፍ በል» ተብሏል፣ እናም አንዷ ስትጠየቅ አምስቱ ይመልሳሉ። እንቢ ማለት ነውር ነው። ደንቡ ይህ ይሁን፦ መጀመሪያ ለብቻ ገለል ብለው ይጠይቁ፣ ቡናው በኋላ። አቦሏን ጠጥቶ መሄድ ይፈቀዳል፤ በረካን መጠበቅ የቀን ዕቅድ ያፈርሳል።

አበል በቀን ክፈሉ። በመጠይቅ ቁጥር ከከፈላችሁ ካፌ ተቀምጦ የሚሞላ ታፈራላችሁ። አንድ ሰው በደህና ቀን ስድስት ቤት ይጨርሳል፤ ስምንት ሰዎች ካላችሁ 640ው ወደ ሁለት ሳምንት ነው። ሁለቱን ሳምንት በዓል ያልበዛበት ጊዜ ላይ አድርጉ። ክረምት ላይ የጠየቃችሁትን የመንገድና የጎርፍ ጥያቄ በሚቀጥለው ዙር በበጋ አትጠይቁ፤ ከተማው የተሻሻለ ይመስላችኋል።

ሰባት፦ ማታ ማታ የሚታይ

ኮቦ ቱልቦክስ ወይም ኦዲኬ የተባሉት የመጠይቅ መሙያ መተግበሪያዎች በስልክ፣ ያለ ኢንተርኔትም ይሠራሉ፤ በወረቀት ከመሙላት ይሻላሉ። ሱፐርቫይዘሩ በየማታው ሦስት ነገር ይይ፦ ከአሥራ ሁለት ደቂቃ በታች ያለቀ መጠይቅ፣ አንድ ሰው የሞላቸው እርስ በርስ የሚመሳሰሉ መልሶች፣ ከብሎኩ ውጭ የወደቀ የጂፒኤስ ነጥብ። ከአሥሩ አንዱን ቤት ራሱ ሄዶ «ትናንት ሰው መጥቶ ነበር? ስንት ሰዓት ቆየ?» ይበል። ይህ እንደሚደረግ ሁሉም ከመጀመሪያው ቀን ይወቅ።

የስልክ ቁጥር ከተቀበላችሁ ከመልሱ ለይታችሁ አስቀምጡ፤ ቁጥጥሩ ሲያልቅ አጥፉት። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ 1321/2016 ወጥቷልና ይህ ትሕትና ብቻ አይደለም።

ስምንት፦ ቁጥሩን ማስተካከልና ይዞ መመለስ

ብቻውን የሚኖር ሰው ዕጣ አያስፈልገውም፣ ሁልጊዜ ይጠየቃል። ስድስት አዋቂ ካለበት ቤት ያለው ግን ዕድሉ ከስድስት አንድ ነው። ስለዚህ እያንዳንዱ መልስ በቤቱ ባሉ አዋቂዎች ቁጥር ይመዘን። ቀጥሎ ጾታውን ተመልከቱ። መልሱ እንዲህ ከተመዘነ በኋላ ከመለሱት 68 በመቶው ሴቶች ቢሆኑና ከተማው ግማሽ በግማሽ ቢሆን የሴቶቹ መልስ በ0.74፣ የወንዶቹ በ1.56 ይባዛል።

አማካይ ብቻ አታውጡ። ግማሹ በየቀኑ፣ ግማሹ በፍጹም ውሃ በማያገኝበት ከተማ አማካዩ «በሳምንት ሦስት ቀን ተኩል» ነው፤ እንዲህ የሚኖር ግን አንድም ሰው የለም። ተከራይና ባለቤት፣ ኮንዶሚኒየምና የመሬት ቤት ለየብቻ ይታዩ። ከሠላሳ ሰው በታች የሆነ ክፍል ላይ መቶኛ አትጻፉ። 61 እና 64 በመቶም ለእናንተ አንድ ናቸው፤ «ብልጫ አሳየ» አይባልም።

ሪፖርቱ ለጠየቀው ክፍል ይሄዳል፤ ለነዋሪው ደግሞ አንድ ገጽ። በየብሎኩ መግቢያ ተለጥፎ፣ የእድር ዳኛውን አስፈቅዳችሁ በወሩ ስብሰባ ላይ በአሥር ደቂቃ ይነገር። እዚያ «ይህማ የእኛ ሰፈር አይደለም» የሚል ይነሣል፤ ጻፉት። አንዳንዴ ትክክል ነው፤ አንዴ ሁለት ብሎኮች በምዝገባ ላይ መቀያየራቸውን ያገኘነው በእድር ስብሰባ ነው።

መጠይቁን፣ የብሎኩን ዝርዝር፣ የወጣውን ዕጣና ካርታውን በአንድ ፋይል አኑሩ። ከሁለት ዓመት በኋላ ስትመለሱ የሚያስፈልጋችሁ እሱ ነው። ያኔ አዲስ የመጣ ባለሙያ የውሃውን ጥያቄ «ላሳምረው» ይላል። አያሳምረው፤ አንዲት ቃል ከተነካች የሁለቱ ዓመት መልስ አይወዳደርም።